ፔዳሉ ለስልሷል፣ ማስተር ሲሊንደሩ ግን አዲስ ነው

ይህ በአንድ የመኪና ውይይት ገጽ ላይ ስለ ፍሬን ተከፍቶ 30 መልስ ያገኘ ክር፣ ማለትም የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት ታሪክ ነው። የክሩ ከፋች፣ ጠያቂው፣ ዕድሜ የጠገበ ፒክአፕ አለው። ፍሬኑ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ነው። ሰርቮ (ፔዳል ሲረገጥ እግርን የሚያግዝ ዕቃ) አለው፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) የለውም። በቅርቡ ሁለቱ የፊት ካሊፐሮች (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት) ወርደው ጎሚኒያቸው፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ፣ ተቀይሯል። በዚያው አጋጣሚ ኋላ በአንዱ ጎን ሲያንጠባጥብ የነበረው የጎማ ሲሊንደርም (ታምቡሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው) ተለወጠ። መኪናው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ግን ፔዳሉ እንደ በፊቱ አልሆነም። እግር ሲያርፍበት ልስልስ ይላል። ከግማሽ በላይ ወርዶ ነው የሚይዘው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ደግሞ ከፍ ይልና ይጠነክራል። የፍሬን ዘይቱ አይጎድልም፣ የትም የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። አየር ደጋግሞ አስወጥቷል፤ አሁን አንድም አረፋ አይታይም። አንድ ጋራዥ ችግሩ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ነው ስላለው አዲስ ገዝቶ አስገጠመ። ለውጥ የለም። ስለዚህ የጠየቀው ይህን ነው፦ አዲሱ ማስተር ራሱ ብልሽት ይኖርበት ይሆን ወይስ ሰርቮው ነው?

ክሩን መልስ በመልስ የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬን ሲለሰልስ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ዕቃ እንቀይራለን፣ ምርመራው የሚመጣው ዕቃው ሳይረዳ ሲቀር ነው። መሆን ያለበት ግን ተገላቢጦሹ ነው። ይህ ክር ደግሞ ምርመራው እንዴት እንደሚሄድ ከብዙዎቹ በተሻለ ያሳያል። ጭቅጭቁም ጭምር።

1ኛው መልስ አንድ መስመር ነበር። አዲስ ዕቃም ተበላሽቶ ይመጣልና ሌላ ማስተር ግዛ የሚል። ምንም አልጠየቀም።

2ኛው መልስ የመጣው በሙያው መካኒክ ከሆነ ሰው ነው። የክሩ ምሰሶ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጠያቂውን ወንድሜ ብሎ፣ ዕቃ መግዛቱን ለጊዜው አቁም አለው። ከዚያ ፔዳል የሚታመመው በሦስት መንገድ መሆኑን አስረዳ። የመጀመሪያው ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚሰጥና የሚመልስ ፔዳል ነው። መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው፣ አየር ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። ያረጀ የላስቲክ ቱቦ በግፊት ሲነፋም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል። ሁለተኛው እግር ጫን ብሎ ሲቆይ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ፔዳል ነው። እዚህ ዘይት እየሸሸ ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ከጎደለ ወደ ውጭ፣ ካልጎደለ በማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ በኩል ወደ ኋላ። ሦስተኛው ብዙ ወርዶ ነገር ግን መጨረሻ ላይ ደርቆ የሚይዝ ፔዳል ነው። እዚህ አየርም መፍሰስም ላይኖር ይችላል። ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ ክፍተቱን ለመሙላት ብዙ ዘይት መሄድ አለበት።

ከዚያ ለጠያቂው ሁለት ነገር አዘዘው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን አድርገህ ያዝ፣ ይሰምጣል ወይስ ባለበት ይቆያል? ሲይዝስ ደረቅ ነው ወይስ ይነጥራል? ይህን ሳናውቅ የምንናገረው ሁሉ ግምት ነው አለ። ትክክል ነው። ማስተር ሲሊንደር የሚጠረጠረው ፔዳሉ ሲሰምጥ ነው። የክሩ ከፋች ግን ስለመስመጥ ምንም አልተናገረም ነበር፤ ጋራዡም ያንን ጠይቆ የነበረ አይመስልም።

3ኛው የእጅ ፍሬን ፍተሻን ጨመረ። የእጅ ፍሬኑ የኋላውን ሸራ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋል። እሱን ስበህ ፔዳሉን ስትረግጥ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከያዘ የኋላው ሸራ ማስተካከያ ይፈልጋል። መሣሪያ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ቢያውቀው ግን ስንት ማስተር ሲሊንደር በከንቱ ከመቀየር ይድን ነበር።

4ኛው ላይ ወሬው ትንሽ ዞር አለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዘ ሲወርድ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ሆኖበት በማርሽ እንደተረፈ ተረከ። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ። ዘይቱ ስለፈላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በጠጣ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ የዶት ቁጥሩ (የፍሬን ዘይት ደረጃ መለያ ነው) ከፍ ያለውን ሙላ፣ ዶት 5 ካገኘህ ከሁሉም ይበልጣል ብሎ ጨረሰ።

5ኛው ታሪኩን አመስግኖ ምክሩን አረመ። ይህ እርማት መነበብ አለበት። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 መሠረታቸው ግላይኮል ነው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5 እና ዶት 5.1 በቁጥር ቢቀራረቡም ሁለት የተለያዩ ፈሳሾች ናቸው። ስለ መፍላትም ቁጥሮቹን አስቀመጠ። ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ ለአዲስ ዶት 3 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140። ለዶት 4 230 እና 155። ለዶት 5.1 260 እና 180። ልዩነቱን ተመልከቱ። ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 በብዙ ያንሳል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ዘይት ከመፈለግ ይልቅ ያለውን በጊዜው መቀየር ይበልጣል፤ በተለምዶ በየሁለት ዓመቱ ይመከራል። ሞተር ዘይት ግን በስህተትም ቢሆን አይገባም። ጎሚኒውን አሳብጦ መላውን መስመር ያበላሻል።

6ኛው የክሩ ከፋች ራሱ ነው። የታዘዘውን ሁሉ ፈትሾ መጣ። ፔዳሉ አይሰምጥም፣ በያዘበት ይቆያል። ሲይዝ ግን ደረቅ አይደለም፣ ትንሽ ይነጥራል። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ከፍ ይላል፣ ንጥሩ ግን አይጠፋም። አንድ ነገርም አክሏል። ሞተሩ ጠፍቶ ደጋግሞ ረግጦት ፔዳሉ ከጠነከረ በኋላ፣ እግሩን ሳያነሳ ሞተሩን ሲያስነሳው ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ይሄዳል።

7ኛው ይህን የመጨረሻውን ይዞ ሰርቮው እንደሞተ አወጀ። 8ኛው ወዲያው ገጠመው፣ ቃናውም ከረር ያለ ነበር። የማያውቁትን ነገር በእርግጠኝነት መናገር ፍሬን ላይ ሰው ይገድላል አለ። ሰርቮ የሞተሩን ቫክዩም ተጠቅሞ እግርን ያግዛል። ሞተር ሲነሳ ፔዳሉ ትንሽ መውረዱ እገዛው መጀመሩን ያሳያል፣ ማለትም ሰርቮው ጤነኛ ነው። የተበላሸ ሰርቮ የሚሰጠው ድንጋይ የሆነ፣ በኃይል ካልተረገጠ የማይሠራ ፔዳል ነው። ልስልስ ፔዳል አይሰጥም። 7ኛው አመስግኖ ተቀበለ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ብዙ ክር የሚበላሸው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነውና።

ከ9 እስከ 12 ያሉት መልሶች ግን ጭቅጭቅ ናቸው። 9ኛው ሁለቴ ከረገጥከው የሚይዝ ከሆነ ምን አስጨነቀህ፣ እኔ ለዓመታት እንዲሁ ነድቻለሁ አለ። 10ኛው ስድብ አከል መልስ ሰጠው። 11ኛው የ9ኛው ወዳጅ ይመስላል፣ አሮጌ መኪና ጠባዩን ለምደህ ነው የምትነዳው ብሎ ተከላከለ። 12ኛው ስሌት ይዞ መጣ፣ ጭቅጭቁንም ያቆመው እሱ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፔዳሉን ለመልቀቅና እንደገና ለመርገጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ መኪናው ያን ያህል መንገድ ያለ ፍሬን ሄደ ማለት ነው። ያውም ሰው ሲደነግጥ ሁለተኛ መርገጥን አያስታውስም፣ እግሩን አንዴ ተጭኖ ይቀራል።

እኔም ከ12ኛው ጋር ነኝ። እንዲያውም እጨምራለሁ። ሲደጋገም የሚነሳ ፔዳል ምልክት ነው፣ መፍትሔ አይደለም። ፔዳሉ በፍጥነት ሲለቀቅ የማስተሩ ፒስተን መስመሩ ውስጥ ያለው ዘይት ተመልሶ ሳያልቅ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት ይገባል። ሲረገጥ መስመሩ ውስጥ ከወትሮው የበዛ ዘይት ስላለ ፔዳሉ ከፍ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ትርፉ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። የጎደለውን ቦታ የያዘው አየር ይሁን የሸራ ክፍተት፣ መደጋገሙ አያስወግደውም።

13ኛው ክሩን ወደ ሥራ መለሰው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በመያዣ ቆንጥጦ መዝጋትን መከረ። ይህ ፒክአፕ ሦስት የላስቲክ ቱቦ አለው፣ ፊት ሁለት፣ ኋላ ወደ አክሱ የሚሄድ አንድ። ሦስቱም ሲዘጉ ፔዳሉ ከላይ ደርቆ ከያዘ ማስተሩ ነፃ ነው፣ ከእሱ እስከ ቱቦዎቹ ባለው መስመርም አየር የለም። ከዚያ አንድ በአንድ እየተከፈተ ይረገጣል። የትኛው ሲከፈት ፔዳሉ ከለሰለሰ ችግሩ ያለው በዚያ በኩል ነው። 14ኛው ተቃወመ። ያረጀ ቱቦ ሲቆነጠጥ የውስጡ ሽፋን ይቀደድና ዘይቱ ሄዶ እንዳይመለስ ሊከለክል ይችላል፣ ጎማው ፍሬን እንደያዘ ይቀራል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መያዣው ለስላሳና ክብ አፍ ያለው መሆን አለበት፣ ፒንሳ አይሆንም። ቱቦው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ መቆንጠጡ ቀርቶ መቀየር ነው ያለበት።

15ኛው ታሪክ ወዳድ ነው። በሃይድሮሊክ ፍሬን ላይ ይህን ያህል መጨነቃችን ዕድላችን ነው ብሎ ጀመረና ወደ ድሮው ዘመን ወሰደን። ቀደም ሲል ፍሬን በዘንግና በገመድ ነበር የሚሠራው። አራቱን ጎማ እኩል እንዲይዝ ማስተካከል ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ዱዘንበርግ ሞዴል ኤ በአራቱም ጎማ ሃይድሮሊክ ፍሬን ይዞ ወጣ። የተዘጋ ፈሳሽ ግፊትን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል የሚለው የፓስካል ሕግ ነው ሥራውን የሚሠራው። 16ኛው ከዚህ ተነስቶ ዲስክ ይሻላል ወይስ ታምቡር የሚል ክርክር ሊከፍት ሞከረ፤ ማንም አልተከተለውም።

17ኛው ስለ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) አነሳ። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ከላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። መኪናው ኩርባ ከዞረ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ብዙ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ጤነኛ ይሆናል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ ይታወቃል። የክሩ ከፋች ፔዳል ግን ቆሞም ልስልስ ስለሆነ ይህ ለእሱ አይሆንም። ሌላ አንባቢ ግን ሊጠቅመው ይችላል።

18ኛው ከ2ኛው ጋር የሚስተካከል መልስ ነው፤ ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛው፣ አዲስ ማስተር ሲሊንደር መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ የጠረጴዛ መያዣ) ላይ ታስሮ ዘይት ተሞልቶ አየሩ መውጣት አለበት። አለዚያ ውስጡ የቀረው አየር በጎማዎቹ በኩል ቶሎ አይወጣም። ሁለተኛው ደግሞ አሮጌ ማስተርን ይመለከታል። አየር ሲወጣ ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ጎሚኒው በወትሮው ርግጫ ደርሶበት የማያውቀው የሲሊንደሩ ክፍል ውስጥ ይገባል። እዚያ ዝገትና ቆሻሻ ካለ የጎሚኒው ከንፈር ይጫራል። ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል። አየር ካስወጣን በኋላ ማስተሩ ሞተ የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

19ኛው ላይ የክሩ ከፋች የቱቦውን ፍተሻ አድርጎ ተመለሰ። ሦስቱም ሲዘጉ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ማስተሩ ነፃ ወጣ። የኋላው ብቻ ሲከፈት ፔዳሉ ዝቅ አለ ግን አልነጠረም። የፊቶቹ ሲከፈቱ ልስልስነቱ መጣ፣ በቀኝም በግራም። እንግዲህ ችግሩ ሁለት ሆኖ ወጣ። ፊት አየር አለ፣ ኋላ ክፍተት አለ። አየሩ ግን ደጋግሞ ወጥቶ አረፋ ጠፍቷል። ታዲያ አየር ከየት መጣ?

20ኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የሁለቱን የፊት ካሊፐሮች ፎቶ። በ21ኛው ፎቶዎቹ ተለጠፉ። 22ኛው መልሱን አገኘው። የአየር ማስወጫው ብሎን በሁለቱም ጎን ከታች ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ መኪናቸው ካሊፐሩ የተፈታባቸው ሰዎች ሁሉ ሊያዩት የሚገባ ነገር ነውና። በብዙ መኪኖች የቀኝና የግራ ካሊፐር መንታ ናቸው። የማሰሪያ ብሎናቸው በሁለቱም ጎን ይገባል። ሸራውም ይገጥማል፣ ፍሬኑም ይይዛል። የሚለየው የአየር ማስወጫው ቦታ ብቻ ነው። በትክክል ሲገጠም ከላይ ይሆናል። ሲቀያየር ከታች ይሆናል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የአየር ማስወጫው ብሎን ከታች ሲከፈት የሚወጣው ንጹሕ ዘይት ነው፣ አየሩ ከፒስተኑ በላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። አረፋ አለመታየቱ አየር አለመኖሩን አላረጋገጠም ማለት ነው። ሰውየው በየቀኑ ሙሉ ጣሳ ዘይት ቢያሳልፍበትም አይወጣም ነበር።

23ኛው አቋራጭ ሐሳብ አቀረበ። ካሊፐሩን ፈትቶ፣ ብሎኑን ወደ ላይ አዙሮ፣ በሸራዎቹ መሀል እንጨት አስገብቶ አየሩን ማስወጣት ይቻላል አለ። 24ኛው ለምን ሲል ጠየቀ፣ በጥሩ ቃል። ይሠራል፣ ግን በቀጣዩ ጊዜ አየር የሚያስወጣው ሰው ያው ችግር ይገጥመዋል። ቱቦውም ለዚያ ጎን ስላልተሠራ ሊጠማዘዝና ጎማ ሲታጠፍ ሊወጠር ይችላል። ቦታቸውን መቀየር ነው ያለበት። በዚህ የተከራከረ የለም።

በ25ኛው መልስ የክሩ ከፋች ካሊፐሮቹን አቀያይሮ፣ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀምሮ አየር አስወጥቶ መጣ። ንጥሩ ጠፍቷል። ፔዳሉ ደርቆ ይይዛል። አሁንም ግን ከበፊቱ ዝቅ ይላል። ቀድሞ የተባለው የኋላው ክፍተት ነው። 26ኛው፣ ያው የ2ኛው መልስ መካኒክ፣ የሸራ ማስተካከያውን አስረዳው። ጎማው ተነስቶ እየተሽከረከረ ባለጥርሱ ማስተካከያ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ይዞራል፣ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ጥቂት ጥርስ ይመለሳል። ሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። የእጅ ፍሬን ገመዱ ተወጥሮ ከሆነ ቀድሞ ይላላ፣ ሸራው በገመዱ ከተያዘ ልኩ ይዛባል። ሰውየው ሲከፍተው የአንዱ ጎን ማስተካከያ ዝጎ ደርቆ አገኘው። ፈትቶ አጸዳውና አስተካከለው፣ ፔዳሉም ቦታው መጣ።

27ኛው አንድ የተረሳ ነገር አስታወሰ። ታምቡር ሲበላ ይሰፋል። የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት ብዙውን ጊዜ ታምቡሩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ያለፈ ታምቡር ውስጥ አዲስ ሸራ ሲገባ የሚነካው በመሀሉ ብቻ ነው፤ ሲረገጥ ሸራው ራሱ ይታጠፋል፣ ፔዳሉም ይነጥራል። ይህን ንጥር ማንኛውም አየር ማስወጣት አያጠፋውም። ስለዚህ ታምቡሩ ከተከፈተ አይቀር ይለካ።

28ኛው ያ የ1ኛው መልስ ሰው ነው። ተመልሶ መጥቶ የወጣው አሮጌ ማስተር ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። 29ኛው አትጣለው አለ። ፔዳሉ መቼም ሰምጦ ስለማያውቅ ጥፋት አልተገኘበትም። ግን ተጭሮ ሊሆን ስለሚችል ሲሊንደሩ ውስጡ በብርሃን ይታይ፤ ዝገት ወይም ጭረት ካለው አይመለስም፣ ንጹሕ ከሆነ ጎሚኒው ተቀይሮ ይቀመጥ።

30ኛውና የመጨረሻው መልስ ከሥራው በኋላ ምን እንደሚታይ ዘረዘረ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ ለግማሽ ደቂቃ ይያዝ። ከዚያ የተነካው መገጣጠሚያ ሁሉ በጣት ይዳሰስ፣ ደረቅ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ፣ ሰውና መኪና በሌለበት፣ በቀስታ ይሁን። በማግስቱ የማጠራቀሚያው መጠን እንደገና ይታይ። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ቀለሙን ይልጠዋል።